አምስት ቤት በአንድ አድራሻ

መስከረም 29፣ 2018 ዓ.ም.

አምስተኛውን ዛሬ አስገባሁ። አምስት አገልግሎት፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ አይፒ አድራሻ። ዲላ ላይ ይህን የሠራ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። አይመጣም። ደረጃውን ወጥቶ ወደዚህ ክፍል የሚገባ ሁሉ የሚጠይቀኝ የዋይፋይ ፓስወርድ ነው።

ነገሩን ለሐጂ ረሻድ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሐጂ አከራዬ ነው። ሕንፃው፣ ከኋላ ግቢው ውስጥ የሚያድሩት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች፣ አሪቻ ያለው የቡና ማጠቢያ፣ ሁሉም የሱ ነው። የኢንተርኔት አድራሻውም የተወሰደው በሱ ድርጅት ስም ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም። አድራሻው አንድ ከሆነ የቡና ደንበኛዬ እኔን ሲፈልግ አብሮን ያለው ክሊኒክ ጋ ይገባል ብሎ ፈራ። የግቢ በር አንድ ቢሆንም ዘበኛው እንግዳውን ማንን ፈልገህ ነው ብሎ ወደየክፍሉ ይመራው የለም ወይ፣ ሰርቨሩም እንደዚያው የተጠራውን ስም እያየ ይመራል አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ዘበኛው የተኛ ቀንስ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲነግድ የኖረ ሰው ጥያቄው ይህ ነው።

እስካሁን አራት ነበሩ። የሐጂ የቡና ገጽና ኢሜይል፣ የአውቶቡሶቹ ትኬት፣ የአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ባለቤቴ እታገኝ የምታስተምርበት የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ገጽ። አምስተኛው የሐጂ ልጅ የሱሀይል ነው። ሱሀይል ኮሌጅ ጀምሮ ትቶ፣ ምድር ቤት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጣል። ገጹ ላይ የሚያወጣው የዲላን፣ የወናጎንና የይርጋጨፌን የቀበሌ ቡድኖች የኳስ ውጤትና ፎቶ ነው። የሰው ልጅ ኢንተርኔትን የፈጠረው ለዚህ ኖሯል። አባቱ ባይለምነኝ ኖሮ አላስገባውም ነበር።

ጥቅምት 5

እታገኝ ምሳ ላይ፣ አንድ ወላጅ የትምህርት ቤቱን ገጽ ሲከፍት በፈረንጅ አፍ የመድኃኒት ማስታወቂያ ይመጣብኛል ብሏል አለችኝ። የሰውዬው ስልክ ቫይረስ አለበት አልኳት። እስቲ አንድ ጊዜ እየው አለች። መምህር ያገባ ሰው ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። አላየሁትም። የማየው ሥራ አጥቼ አይደለም።

ጥቅምት 12

እሸት ቡና መግባት ጀምሯል። ግቢው ጩኸት ብቻ። ሐጂ ሦስቴ ወጣ ወረደ። ናሙና የላከለት የጀርመን ገዥ ለኢሜይሉ መልስ አልሰጠውም። ፈረንጅ በዓል ላይ ይሆናል አልኩት። የምን በዓል ብሎ ድርቅ። እኔ የፈረንጅ ካህን ነኝ እንዴ?

ትልቋ ልጁ ሱራያ ደግሞ ከሐዋሳ ደወለች። እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ኢሜይሉን ከሌሎቹ ለይቼ ሌላ አድራሻ ላይ እንዳደርገው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ መከረችኝ። በጣም በትሕትና ነው ያለችው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያበሽቃል። ሐዋሳ ሁለት ክረምት የከረመ ሁሉ አማካሪ ሆኗል።

ጥቅምት 18

ተዘጋን። ለጊዜው ኢሜይሉ ብቻ።

ከአድራሻችን ሐሰተኛ መድኃኒት የሚያሻሽጥ ኢሜይል በገፍ ስለወጣ፣ ትልልቆቹ የኢሜይል ድርጅቶች ጥቁር መዝገብ ላይ አስገብተውናል። ጀርመኑ ዝም ያለው ለዚህ ነው። የሐጂ ደብዳቤዎች ከደጁ ተመልሰዋል። ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ከቁጥሩ ጀርባ አምስት ቤት ይኑር አንድ አያውቅም። አንዱ ሲያጠፋ አምስቱም አጥፊ ናቸው።

ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። አዲስ የገባው ማን ነው? ትምህርቱን ትቶ የተቀመጠውስ?

ጥቅምት 20

ጠዋት መስመሩ ራሱ ተቆረጠ። መስመሩን የሚሰጡን ሰዎች ቆሻሻውን ሳታጠፉ አይከፈትም አሉን። ትኬት በእጅ እየተጻፈ ነው። ከዱመርሶ ድረስ የመጡ ሰዎች ውጤታቸውን በወረቀት ለመቀበል ክሊኒኩ በር ላይ ተሰልፈዋል። ነርሷ ደውላ ጮኸችብኝ። ነርስ!

ያው ቀን፣ ማታ

ሐጂ ግቢ ውስጥ አስጠራኝ። ሾፌሮችና ረዳቶች ዕቃ እየጫኑ ነበር፤ የሞያሌው መስመር ሾፌር ሰይድ ጣራ ላይ ሆኖ ሸራ ያስራል። ይህን ጉድ ማን አመጣብን ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ቢሮ ገብተን ብንነጋገር ይሻል ነበር። እሱ ግን እዚያው ጠየቀ፣ እኔም እዚያው መለስኩ።

«ልጅዎ ነው» አልኩት። «የኳስ ገጽ የሚለው ሽፋን ነው። በእርስዎ ስም ሌብነት ሲሠራበት ነበር።»

ሱሀይል ከሱቁ ወጥቶ ሰማ። ለአሠልጣኞች የጨዋታ ቀን ከመላክ በቀር ምንም አልላክሁም አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንጹሕ ሰው ለምን ይንቀጠቀጣል? ሐጂ የልጁን ፊት አየ፣ የኔን አየ። ከዚያ ወደኔ እያመለከተ እስክንድር የተማረ ሰው ነው፣ ያላወቀውን አይናገርም አለና የሱቁን ቁልፍ ጠየቀው። ሱሀይል ቁልፉን ከቀበቶው ፈትቶ አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ረዳት ሳቀ። ሰይድ ከጣራ ላይ ሆኖ ዝም በል አለው።

ወደ ላይ ወጥቼ ገጹን አጠፋሁት። ውጤቱን፣ ፎቶውን፣ ሁሉንም። ቅጂ አላስቀረሁም። ለማን ብዬ?

እታገኝ ስነግራት እጇን ታጥብ ነበር። እርግጠኛ ነህ አለችኝ። አዎ አልኳት። በሁሉም ሰው ፊት አልክ አለች። ጥያቄ መሆኑን ወይም አለመሆኑን አላወቅሁም።

ጥቅምት 22

ሱሀይል ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ቤት አልገባም። ስልኩ ዝግ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ አኩርፎ ጓደኛ ቤት አደረ ብሎ ግቢው በሙሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል።

ትኬት ቢሮ ያለው ልጅ፣ ሲስተሙ ቢሠራ ኖሮ በየትኛው መኪና እንደወጣ ስሙን እናይ ነበር ሲል ሰማሁት። ሆን ብሎ እንድሰማው ነው ጮክ ያለው።

ጥቅምት 26

መስመሩ ተከፈተ። ገጹን ማጥፋቴን በደብዳቤ አስረዳሁ፣ አመኑኝ። ከጥቁር መዝገቡም እንዲያወጡን አመለከትኩ። ክሊኒኩ ሠራ፣ ትኬቱ ሠራ። አመሰግናለሁ ያለኝ ሰው የለም። ይህች ከተማ መብራት ሲጠፋ እንጂ ሲበራ አትናገርም።

ልጁ አልተገኘም። ሐጂ ሐዋሳ ድረስ ሰው ልኮ አስፈለገ።

ኅዳር 1

እንደገና ጥቁር መዝገብ።

የሱሀይል ገጽ የለም። እኔው ነኝ ያጠፋሁት። መቼም አንድ ነገር ደብቆ ትቶ ሄዶ ይሆናል። እፈልገዋለሁ።

ኅዳር 3

ተገኘ። ትምህርት ቤቱ ገጽ ውስጥ ነው። ገጹ ሲሠራ ለሙከራ የተከፈተ አንድ መግቢያ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ፓስወርዱም ቀላል ሆኖ ተገኝቷል። ከውጭ በዚያ ተገብቶ የመድኃኒቱ ነገር ተተክሏል። ነገሩ የጀመረው ሱሀይል ከመግባቱ በፊት፣ መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው።

ተዘግቷል። ጸድቷል። አሁን ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ዓይነት ነገር ደንታ የላቸውም።

ኅዳር 4

ዛሬ ብነግረው ለሐጂ ምን ይጠቅመዋል? ልጁን አያመጣለትም። መጀመሪያ ልጁ ይገኝ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ማስረዳት ይቻላል። የቴክኒክ ጉዳይ በለቅሶ መሀል አይገባቸውም።

ኅዳር 5

ጀርመኑ ለሌላ ሰው ማዘዙን አሳወቀ። ሐጂ ኢሜይሉን እንዳነብለት ወደ ላይ ወጣ። አነበብኩለት።  ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ለምን ብልጭ ድርግም ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ራውተሩ ነው አልኩት። ሱሀይል ትንሽ ሆኖ መብራት ያለበትን ነገር ሁሉ እየፈታ ያስቸግረው እንደነበር ነገረኝ። ይህን ለምን ለኔ ይነግረኛል? ሥራ ነበረብኝ።

ወደ ቤት ስገባ እታገኝ የትምህርት ቤቱ ገጽ ማስታወቂያ ማምጣት አቁሟል አለችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ቆማ አየችኝ። ጠግነኸው ነው አለች። አዎ አልኳት። እንግዲያ ከዚያ ነበር የመጣው አለች። ከዚያ ተማሪዎቿ የጻፉትን ማረም ጀመረች። ነግሬህ ነበር ማለት ይቻላት ነበር። አላለችም። እንዲህ ዓይነቷ ሴት ከተሳዳቢ ይልቅ ታስቸግራለች።

ኅዳር 7

ይህን ዛሬ በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ የሱሀይል እናት መጡ። እትዬ ሳዕዳ ወደዚህ ክፍል ወጥተው አያውቁም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በር ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። ሰርቨሩ ጋ ሄደው ጎንበስ አሉና እጃቸውን ጫኑበት። ይሞቃል አሉ። አዎ ይሞቃል አልኩ።

በዚህ ዕቃ የዓለም ነገር ሁሉ ይታያል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሱሀይል የት እንዳለ እይልኝ አሉ። እንደዚያ እንደማይሠራ ነገርኳቸው። እያስረዳሁ ሳለ እየሰሙኝ እንዳልሆነ ገባኝ። ዓይናቸው ራውተሩ መብራት ላይ ነበር፤ አንዱ መብራት ልጃቸው ይሆን እንደሆነ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እንዳይፈራ ንገርልኝ። ሌባም ቢሆን ይምጣ። ሌባ ልጅ የወለድኩ እኔ ብቻ አይደለሁም። ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ።»

አመኑኝ ማለት ነው። የወለዱት እናቱ፣ ገና መስከረም ላይ የሰፈር ኳስ ይላል ብዬ የሳቅሁበትን ልጅ፣ እኔ ሌባ ስላልኩት ሌባ ነው ብለው ተቀብለውት ያን ሁሉ ሌሊት አድረዋል። ባይቀበሉኝ፣ ውሸታም ነህ ብለው ቢጮሁብኝ መልስ ነበረኝ። 

«ሱሀይል አይደለም» አልኳቸው።

«ማን ነው ታዲያ?»

የትምህርት ቤቱን ገጽ ልነግራቸው ጀመርኩ። ስለ ሙከራው መግቢያ፣ ስለ ፓስወርዱ። እትዬ ሳዕዳ አቋረጡኝ። ማን ነው፣ ስሙን ንገረኝ አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።»

አልጮሁም። ነጠላቸውን አስተካከሉና መቼ እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ያንን ሲሰሙ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት። ቆይተው፣ አባቱ ታች ነው፣ አሁን ውረድ አሉ። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ይመጡ ነበር፤ አንድ አንድ ደረጃ፣ ግድግዳውን እየያዙ። ቀድሜ መሄድም ማገዝም አፍሬ መሀል ላይ እየቆምኩ ጠበቅኋቸው።

ሐጂ ረሻድ የዐስር ሰላት ሰግደው ገና መነሳታቸው ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ይመቱኛል ብዬ ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያኔ በማን ፊት ነበር ያልከው?»

በሾፌሮቹ አልኩ።

«ነገ ማለዳ ሳይወጡ ሁሉም ግቢ ይሆናሉ» አሉ። «እዚያ ትለዋለህ።»

ኅዳር 8

ብርድ ነበር። ሞተራቸውን አስነስተው ነበር፤ ሐጂ አጥፉ አሉ። ያ ሁሉ ጫጫታ ባንዴ ጸጥ ሲል ግቢው ሰፋብኝ።

ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ አድራሻ፣ ስለ ጥቁር መዝገብ፣ ማንኛውም ባለሙያ ሊሳሳት ስለሚችልበት ሁኔታ። ጥሩ ማብራሪያ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አልወጣ አለኝ። ሱሀይል ምንም አላደረገም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ካወቅሁ በኋላም ዝም ብያለሁ አልኩ። ያው ያኔ የሳቀው ረዳት መሬት መሬት ያይ ነበር። የቆምኩት በሩ ጋ ስለነበር ከግቢው መውጣት የፈለገ ሁሉ በኔ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሰይድ ነው የተንቀሳቀሰው። ሐጂ ፊት ቆመ። እንዲህ አለ፦

«ሐጂ፣ ሱሀይልን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሞያሌ እህቴ ቤት ነው ያለው። በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያሻግር ደላላ ይጠብቃል። እንዳልናገር አስምሎኛል። ሌባ ወደሚባልበት ቤት ደግሞ እኔም ልመልሰው አልፈለግኩም።»

እትዬ ሳዕዳ መስኮቱ ጋ ሆነው ይሰሙ ነበር። ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ቃል አልነበረም።

ሐጂ ሰይድን አልተቆጡትም። ደላላው መቼ ነው የሚያሻግረው አሉት። ሰሞኑን ነው፣ ምናልባትም አልፎ ይሆናል አለ። ሐጂ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ኅዳር 3 ያወቅሁትን ኅዳር 7 መናገሬን በልባቸው ይቆጥሩ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ወዲያው ሰይድን አስከትለው በትንሿ መኪና ወጡ።

ኅዳር 9

ከሞያሌ ስልክ አልተደወለም።

እታገኝ ትምህርት ቤት አልሄደችም። እትዬ ሳዕዳ ጋ ውላለች። እኔ እዚህ ተቀምጬ አምስቱን አገልግሎቶች አያለሁ። አራቱን። ሁሉም ይሠራሉ። እንዲህ በደንብ ሠርተው አያውቁም።

ኅዳር 10

ሐጂ ከሞያሌ ደወሉ። ለባለቤታቸው ደውለው ከጨረሱ በኋላ ነው ለኔ የደወሉት። አግኝተውታል። ደላላው ሌሎቹን ይዞ ማታውን ተሻግሯል፤ ሱሀይል ሆዱን አሞት ስለነበር ለሚቀጥለው ዙር ቀርቷል። ያተረፈው የተበላሸ ሾርባ ነው። እኔ አይደለሁም፣ ሰይድም አይደለም።

ግን አልመለስም ብሏል። ሐጂ ስልኩን ሰጡት።

ሰላምታ አላቀረበም። «እማዬ ሰምታለች?» አለኝ።

«ሰምተዋል። ከአፌ ነው የሰሙት።»

«ሾፌሮቹስ?»

«በነሱ ፊት ነው የተናገርኩት። ሁሉም ነበሩ።»

 ከጀርባው የመኪና ጥሩንባና በኦሮምኛ የሚጣራ ሰው ይሰማ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ስልኩን ለአባቱ መልሶ ሰጠ። ማታ ላይ ነው ሐጂ፣ እሺ ብሏል፣ ነገ ይዘነው እንነሳለን ብለው የደወሉት።

ኅዳር 13

ትናንት ማታ ገብተዋል። ሱራያም ከሐዋሳ መጥታለች። መጀመሪያ ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፤ ቀጥላ ወደኔ ክፍል ወጥታ የቡናውን ገጽና ኢሜይሉን ወደ ሌላ አድራሻ ማዛወር ጀመረች። ክሊኒኩም ይሄዳል። የትኬቱን ሐጂ አንተው ጋ ይቆይ ብለዋል። ለምን እንዳሉ አልጠየቅሁም። ሱራያ ሥራዋን በዝምታ ነው የሠራችው። እንደነገርኩህ የሚል ቃል ከአፏ እጠብቅ ነበር። ስትጨርስ የክፍሉ መስኮት ቢከፈት ለማሽኑ ጥሩ ነው አለችኝና ወጣች። መስኮቱን የምዘጋው በአቧራው ምክንያት መሆኑን አታውቅም። ተከፍቶ ይቆይ።

ሱሀይል ከሰዓት በኋላ መጣ። ከስቷል። ገጹን ሊያይ ነው የመጣው። አጥፍቼዋለሁ አልኩት።

«ፎቶዎቹስ?»

«እነሱም።»

«ቅጂ የለም?»

የለም አልኩ። ባለፈው ዓመት የሞተ አንድ ተጫዋች ነበር፤ ከወናጎ። እናቱ ፎቶውን የምታየው እዚያ ገጽ ላይ ነበር አለኝ። አላወቅሁም ነበር አልኩት። አለመጠየቄን አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል።

ይቅርታ ጠየቅሁት። በሁለት መንገድ ጠየቅሁት፤ የመጀመሪያው ማብራሪያ ስለነበረበት እንደገና ጀመርኩ። ሰማኝ። እሺ አለ። እሺ ያለው ይቅር ማለቱ አልነበረም፤ ሰምቻለሁ ማለቱ ነበር። ከዚያ እንደ አዲስ እንደሚጀምር፣ ሱራያ ሌላ ቦታ እንደምታስቀምጥለት፣ እኔ ጋ ግን ምንም ነገር እንደማያስቀምጥ ነገረኝ። ያየኝ አስተያየት ቁጣ አልነበረበትም። አስተያየቱን አውቀዋለሁ። ነርሷን፣ ወላጁን፣ አባቱን፣ እሱን ራሱን ስመለከት የኖርኩበት ነው። ከዚህኛው ወገን ሆኜ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ታች ሱቁ ሲከፈት ሰማሁ።

ራት ላይ እታገኝ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ማውራት ጀመረች፤ አዲስ ርእሰ መምህር ስለ ሰልፍ ስላወጣው ደንብ፣ ስለ አንዲት ተማሪ ጫማ፣ ከዚያም ስለ ተማሪዋ አጎት። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ረጅም ነበር፤ ግማሹ ባይነገርም ያስኬድ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ስትጨርስ ስለ ጫማው አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት፤ መጀመሪያ ያፌዝኩባት መስሏት ነበር።